ገደብ ላይ ለድምፅ ገደብ

ላፕቶፑን አትክደኚው፤ አይቼዋለሁ። ከኋላሽ ቆሜ ሳነብ እንደማይመችሽ አውቃለሁ። ትንሽ ልጅ ሆነሽም የቤት ሥራሽን ሰው ሲያይብሽ በክንድሽ ትሸፍኚው ነበር። ዛሬ ግን አልለቅሽም። ቡናው እስኪፈላ ትከሻሽን አውሺኝ።

የኮንሰርቱ ዝርዝርሽ ጥሩ ነው። መድረክ፣ ሞንታርቦ፣ ጄኔሬተር፣ ባንድ፣ ፖስተር፣ ቲሸርት፣ ስፖንሰር፣ ጥበቃ፣ ትኬት። ለድምፃውያኑ አልጋ ከነቁርሱ ይዘሽላቸዋል። ለፎቶግራፈሩ እንኳ የሚቆምበትን ቦታ አስበሽለታል። እስቲ ወደ ታች ውረጂ። አሁንም ውረጂ። በገደብ ከተማ ኳስ ሜዳ ዙሪያ የሚኖረው ሰው የትኛው መስመር ላይ ነው ያለው? የለም አይደል?

«እትዬ፣ አንድ ሌሊት እኮ ነው» ልትዪኝ ነው። እኔም እንደዚያው እል ነበር። ግን እንዲህ አስቢው፦ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው ትኬት ሳይቆርጥ የገባ ታዳሚ ነው። ዘፋኙን አልመረጠም፤ ሰዓቱንም አልመረጠም። ያንቺ ታዳሚ ሲደክመው ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሱ ሲደክመው የሚሄድበት ቤት ያው ኮንሰርቱ ያለበት ቤት ነው።

ይህን ያወቅሁት አጥፍቼ ነው። በአንድ ወቅት፣ የከተማውን ስም ተይው፣ ቤቶች ከሜዳው አጥር ጋር ተጣብቀው የቆሙበት ቦታ ኮንሰርት አዘጋጀን። «ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ዋናው ድምፃዊ መድረክ ላይ ሲወጣ 4 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ስንጨርስ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፏል። ሲነጋ የጠፋ ኬብል ፍለጋ ከመድረኩ ጀርባ ስዞር አንዲት እናት ከአጥሩ ማዶ «ነይ ቡና ጠጪ» ብለው ጠሩኝ። ስድብ ነበር የጠበቅሁት። ገባሁ። ረከቦቱ ባዶ ነው። ሲኒዎቹ አልጋ ላይ ናቸው፣ በነጠላ ተጠቅልለው፣ እንደ አራስ ልጅ። «ሌሊቱን ሲንጫጩ አደሩ፤ እርስ በርስ ተጋጭተው እንዳይሰበሩብኝ አስተኛኋቸው» አሉኝ እየሳቁ። አንድ በአንድ ፈትተው አጠቧቸውና ቀዱልኝ። ያ ቡና በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። በዚያ ቤት ያን ሌሊት የተኙት ሲኒዎቹ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የማንም ዝርዝር ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው የጎረቤቱን መስመር ነው። አንቺም አሁን አንድ መስመር ክፈቺና «ጎረቤት» ብለሽ ጻፊ። ከላይ ይሁን፣ ከድምፃውያኑ በላይ። አዎ፣ እዚያ።

በመጀመሪያ፣ ትኬት ሳታሳትሚ ሰዎቹ ዘንድ ሂጂ። ትኬቱ ተሸጦ፣ ፖስተሩ ተለጥፎ ከሄድሽ ልታስታውቂ እንጂ ልታማክሪ አልሄድሽም፤ ሰውም ይህን ለመለየት ጊዜ አይፈጅበትም። የምትሠሪው ደግሞ ጌዴኦ ምድር ላይ ነው። እዚህ ሶንጎ አለ፤ ሽማግሌዎች በጥላ ሥር ተቀምጠው የሀገር ነገር የሚመክሩበት። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ቡናውን ከጥላው፣ እንሰቱን ከጓሮው ጋር አስማምቶ ያኖረው የሕዝቡ እውቀትና ሥርዓት አብሮ ተቆጥሮለታል። መምከር የለመደ ሕዝብ ነው። በሞንታርቦ ከመስማቱ በፊት ካንቺ አፍ ይስማ።

ማን ማን ዘንድ ልሂድ ካልሽኝ፦ ሜዳውን የሚያዋስኑትን ቤቶች በሙሉ ራስሽ በእግርሽ ዙሪያቸው፤ ቢበዛ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ የእድር ዳኞችን፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች፣ የቤተ ክርስቲያኖቹንና የመስጊዱን ኃላፊዎች፣ የጤና ጣቢያውን ሰው፣ በአቅራቢያው ያለውን የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ። የምትነግሪያቸው ነገር አጭር ነው፦ ቀኑ፣ ሳውንድ ቼክ የሚጀመርበት ሰዓት፣ ኮንሰርቱ የሚያበቃበት ሰዓት፣ የሚዘጋው መንገድ፣ ችግር ሲመጣ የሚደወልበት ስልክ። ይህን ከነገርሽ በኋላ ዝም በዪና «እናንተን ምን ያስቸግራችኋል?» በያቸው። አራስ ያለችበትን ቤት፣ የልብ ሕመምተኛ ያለበትን ቤት፣ ላሟ ልትወልድ የደረሰችበትን ቤት የምታውቂው ያኔ ነው። ማዘጋጃ ቤት ይህን አይነግርሽም።

«ጊዜ ይፈጃል» አልሽ? ጊዜ የሚፈጀው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። አሜሪካዊው ድምፃዊ ጋርዝ ብሩክስ በ2014 እ.ኤ.አ. ደብሊን ውስጥ ክሮክ ፓርክ በሚባለው ስታዲየም አምስት ሌሊት ሊዘፍን ነበር። 400 ሺህ ያህል ትኬት ተሸጠ። የከተማው ፈቃድ ግን ገና በእጅ አልገባም። የስታዲየሙ ጎረቤቶች «በዚህ ዓመት ሦስት ኮንሰርት ችለናል፤ አሁን ደግሞ አምስት በላይ በላዩ?» ብለው ተነሡ። የከተማው ምክር ቤት ለሦስቱ ብቻ ፈቀደ። ድምፃዊው አምስቱም ካልሆኑ ይቅር አለ፤ ሁሉም ተሰረዘ። እዚያው ስታዲየም ተመልሶ አምስቱን ሌሊት የዘፈነው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ድስት ጥዶ ከማልቀስ ቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ቀኑን እንየው። ኅዳር ውስጥ አድርገሽዋል። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ የቡና ገንዘብ ኪስ ውስጥ ያለበት ጊዜ ነው። ግን ያው ወቅት ገደብ እንቅልፍ የሌላት ጊዜ ነው። ከዙሪያው ቀበሌዎች፣ ከጨልበሳ፣ ከወርቃ፣ ከባንኮ ጎቲቲ እሸት ቡና የጫነ አይሱዙ ማምሻውን በዚህ መንገድ ይመላለሳል። እሸት ቡና ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ከረጢቱ ውስጥ ይሞቅና መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የጠበቀውን ቡና ያንቺ የመንገድ መዝጊያ ገመድ ለሁለት ሰዓት ቢያቆመው፣ የሁለት ሰዓት መዘግየት ብቻ አይደለም፤ ከደረጃ የወረደ ቡና ነው። ስለዚህ ወይ ቀኑን ከለቀማው ጥድፊያ አውጪው፣ ወይ ለቡና መኪናና ለአምቡላንስ የማይዘጋ አንድ መስመር ከፖሊስ ጋር ተስማሚና ሰው አቁሚበት። ገመድ ብቻ አታስሪ፤ ገመድ አምቡላንስ አይለይም።

ከደራሮ ጋርም አታጋጪው። ደራሮ የጌዴኦ የምስጋናና የዘመን መለወጫ በዓል ነው። በራሱ ዜማና ጭፈራ የሚደምቅ በዓል ላይ ሞንታርቦ ደርበሽ ብትከፍቺ ዝግጅት አደመቅሁ ብለሽ ባህል ትሸፍኛለሽ። የፈተና ሳምንታትን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ረመዳንን፣ የእሑድ ጠዋትን አምልኮ አስቢ። ይህን የምልሽ ለዘፈን ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሜዳ ላይ ለሚደረግ የወንጌል ኮንፈረንስም፣ ለቅስቀሳም፣ ለምርቃትም ያው ነው። ሞንታርቦ ሃይማኖት የለውም፤ ሁሉንም እኩል ይጮኻል።

ደግሞ ይቺን መስመር አየኋት፦ «የቅስቀሳ መኪና፣ 5 ቀን»። አምስት ቀን! ኮንሰርቱ አንድ ሌሊት ነው ስትዪኝ አልነበር? መኪናዋ ላይ ሞንታርቦ ጭነሽ ከጠዋት እስከ ማታ አምስት ቀን ካዞርሻት ኮንሰርቱ ስድስት ቀን ሆነ። በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ በር ስታልፍ ድምፁን ታጥፋ፤ ቢቻል ሁለት ቀን ብቻ ይሁን፣ የገበያ ቀንን ጨምሮ። ገበያ የመጣው ሰው ወሬውን ራሱ ተሸክሞ እስከ ጫፍ ቀበሌ ያደርስልሻል፣ ያውም በነፃ።

ወደ ድምፁ እንምጣ። ተንፈስ በዪ፤ ሂሳብ አለው።

«አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ላይ እንዲህ ይደረግ የለ?» ትዪኛለሽ። ይደረጋል። ጥር 29 ቀን 1997 የቦብ ማርሌይ 60ኛ የልደት በዓል እዚያ ሲከበር የመጣው ሕዝብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነበር። ግን መስቀል አደባባይ ዙሪያው ሰፊ መንገድ ነው። የገደብ ሜዳ ዙሪያው መኝታ ቤት ነው፤ ያውም ቆርቆሮ የለበሰ። የሌላውን ከተማ የሞንታርቦ ብዛት እዚህ አታምጪው።

በሀገራችን ለድምፅ ልክ ተቀምጦለታል። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ላይ የተመሠረተው ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይላል። ሌሊት የሚባለው ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። ከዚያም በፊት በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለ ንብረት ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። ንዝረት የሚለውን አሥምሪበት። የእኚያን እናት ሲኒ ሲያንጫጫ ያደረው እሱ ነው።

እንግዲህ አስዪው። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ከመድረኩ 30 ሜትር ላይ 100 ከሆነ፣ 60 ሜትር ላይ 94 ነው። 120 ላይ 88፣ 240 ላይ 82፣ 480 ላይ 76። አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እንኳ 70። መሬቱና ነፋሱ ትንሽ ይሸርፉት ይሆናል፤ ከ70 እስከ 45 ግን መንገዱ ሩቅ ነው። «እንሰቱና ዛፉ ይውጠዋል» እንዳትዪ። ቅጠል ቀጭኑን ድምፅ ነው የሚሸርፈው፤ ቤዙ በእንሰቱ መሐል ሰተት ብሎ ያልፋል። አገሩ ደግሞ ኮረብታ ነው፤ ከሸለቆው ማዶ ባለው ሸንተረር ላይ ያለው ቤት በእግር ሩቅ ቢሆንም በጆሮ ቅርብ ነው፣ መሐል ላይ የሚጋርደው ነገር የለማ። ሲመሽ መሬቱ ይቀዘቅዝና የላይኛው አየር ሞቅ እንዳለ ይቀራል፤ ያኔ ድምፁ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ወደ ምድር ይታጠፋል። ቀን ያልተሰማበት ቀበሌ ሌሊት የሚሰማው ለዚህ ነው።

እውነቱን እንነጋገር፤ ሜዳ ላይ ትልቅ ኮንሰርት እየተደረገ አጥሩ ሥር ያለው ቤት 55 ዴሲቤል አይሆንም። እንግሊዞች በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጡት የኮንሰርት ድምፅ መመሪያ ይህን አምነው ተነሡ፦ በዓመት ከሦስት ቀን ላልበለጠ ዝግጅት በጎረቤት ቤት ግድግዳ ላይ የሚለካው የሩብ ሰዓት አማካይ ለከተማ ስታዲየም ከ75፣ ለሌላ ሜዳ ከ65 እንዳይበልጥ አሉ። ማለትም ትንሽ ይታለፍልሻል፤ ግን አልፎ አልፎ፣ በልክና በሰዓቱ ከሆነ። ሕዝቡም ልቡ እንደዚያው ነው። በዓመት አንዴ ልጆቹ ሲጨፍሩ የማይታገሥ ሰው ገደብ ውስጥ አላየሁም። የማይታገሠው መዋሸትን ነው።

ለሳውንድ ማኑ የምትነግሪውን ጻፊ። ሞንታርቦዎቹ ቤት ወደሌለበት አቅጣጫ ይዙሩ፤ ከፍ ብለው ተሰቅለው ፊታቸው ወደ ታች፣ ወደ ሕዝቡ ያዘንብል። ፊት ለፊት ሁለት ተራራ ከሚቆለል፣ ትንንሾቹ ሜዳው መሐል ጭምር ይከፋፈሉ፤ ኋላ ያለው ሰው እንዲሰማ ፊት ያለው መደንቆር የለበትም። የመድረኩ ጀርባ ወደ ቤቶቹ ቢሆንም ቤዝ ጀርባ አያውቅም፣ በዙሪያው ይሄዳል። ከፊሉን የቤዝ ሳጥን ወደ ኋላ አዙሮ በመድረኩ ጀርባ የሚወጣውን ድምፅ እርስ በርሱ የሚያጠፋ አደራደር አለ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሳውንድ ማን «አውቀዋለሁ» ይልሻል። ካላወቀ ሌላ ፈልጊ። ጄኔሬተሩ ከሰው መስኮት ሥር አይቁም። ሳውንድ ቼኩ ደግሞ አንድ ሰዓት ይበቃዋል፤ ግማሽ ቀን «ቼክ፣ ሄሎ፣ ቼክ» ሲባል መዋል ከዘፈኑም ይብሳል። ለታዳሚሽም አስቢ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደረጃ በሙዚቃ ቦታ የሩብ ሰዓት አማካዩ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ብሏል። ሞንታርቦው ፊት ሕፃን ታቅፎ የሚቆም ሰው እንዳይኖር ጥበቃዎቹን አደራ በያቸው።

አሁን ይቺን ልሰርዛት ነው። «ርችት፣ 10 ደቂቃ»። አትቆጪ፤ ስሚኝ።

በ2010 በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሽተዋል። ገደብ ብዙዎቹ የተጠለሉባት ወረዳ ናት፤ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየዘመዱ ጓሮ። ያኔ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ በሌሊት የሸሸ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው። እናቱም እዚሁ ናት። በሌሊት ድንገት ሰማዩ ላይ ሲተኮስ አንቺ ቀለሙን ታያለሽ፤ እሷ የምትሰማው ሌላ ነገር ነው። ታዳሚሽ «ዋው» እንዲል አንዲት እናት ልጆቿን ቀስቅሳ በር ላይ እንድትቆም አታድርጊ። ብሩን ለመጸዳጃው ጨምሪው፤ ለእሱ ያሰብሽው በጣም ትንሽ ነው።

እሱንማ ሳየው ደንግጫለሁ። ለስንት ሺህ ሰው ነው አራት መጸዳጃ? የቀረው የት ይሄዳል? አጥር ጥግ ካልሽ አጥሩ የሰው ነው። አጥሩን አልፎ ከገባ ደግሞ ጓሮው እንሰት ነው። እንሰት ውስጥ የሸና ሰው የሰው ሌማት ላይ ነው የሸናው። ለሴቶቹ ለየብቻ አድርጊላቸው፣ መብራት ይኑረው፣ ውሃ ይኑረው፤ ከሜዳው በአንድ በኩል ብቻ ሳይሆን በሁለቱም በኩል ይሁን። ሃይላንዱና ፌስታሉ ደግሞ ሌሊቱን ሜዳው ላይ አይደር፤ ሲነጋ ከብት ይወጣል፣ ላም ፌስታል ትበላለች፣ የአንድ ቤት ሀብት ቀስ ብሎ ይሞታል። የሰፈሩን ወጣቶች ክፈያቸውና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማጽዳት ይጀምሩ። ክፍያውን ከመጽዳቱ በፊት ግማሹን ስጪ፤ ያኔ በሰዓቱ ይመጣሉ።

ሽያጩንም ቀድመሽ ለጎረቤቶቹ ስጪ። ቡናውን፣ ቆሎውን፣ ሻዩን፣ የሞተር ማቆሚያውን። ሜዳው ዳር ቤት ያላት ሴት ደጇ ላይ ጀበና ጥዳ የልጇን ደብተር የምትገዛበት ሌሊት ከሆነ ያው ድምፅ በጆሮዋ ሌላ ነው። ነፃ ትኬትም ስጪ፣ ጥሩ ነው። ግን ነፃ ትኬት እንቅልፍ አይተካም፤ «ትኬት ሰጥቼያቸዋለሁ» ብለሽ ከሰዓቱ እንዳታልፊ።

አሁን ደግሞ ማንም ዝርዝሩ ውስጥ የማይጽፈውን ልንገርሽ። ለቅሶ። ቀኑ ሲደርስ፣ መድረኩ ከቆመ በኋላ፣ ሜዳው አጠገብ ሰው ቢሞትስ? ድንኳን ቢጣልስ? ደርሶብኛል። ምን እንደምታደርጊ አሁን ወስኚ፣ ያኔ ልብሽ ይመታል። የእድሩ ዳኛ ስልክ ይኑርሽ። መጀመሪያ አንቺ ራስሽ ነጠላ አዘቅዝቀሽ ለቅሶ ድረሺ፤ በሰው አትላኪ። ቀብሩ እስኪፈጸም ሳውንድ ቼክ አይኑር። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ጠይቂ፤ «ቀጥሉ፣ ብቻ ቀነስ አድርጉት» ካሉሽ ትቀንሻለሽ፣ «አንድ ቀን ግፊው» ካሉሽ ትገፊያለሽ። ከድምፃውያኑ ጋር በምትፈራረሚው ውል ውስጥ አንድ ተለዋጭ ቀን ይኑር። ድንኳን ውስጥ ሰው እያለቀሰ የጨፈረ ከተማ ያን ቀን አይረሳም፤ ያስጨፈረውንም ሰው አይረሳም።

ስለ ስልኩ ቀደም ብዬ አንሥቼልሽ ነበር መሰለኝ። ለጎረቤቶቹ የምትሰጪው ቁጥር ያንቺ አይሁን፤ አንቺ ያን ሌሊት ስልክ አታነሺም። አንድ ሰው ሥራው እሱ ብቻ ይሁን፦ ስልክ ማንሣትና ወደ ሚክሰሩ መሄድ። ሳውንድ ማኑ እሱን እንዲታዘዝ በቅድሚያ ንገሪው። «እናስተላልፋለን» የሚል ሰው አያስፈልግም፤ እጁ ድምፅ መቀነሻው ላይ የሚደርስ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

የመጨረሻው ሰዓቱ ነው። 5 ሰዓት ብለሻል፤ 3 አድርጊው። አትጩኺ። ለምን ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ አትጀምሪም? ከጨልበሳ በእግሩ የሚመጣው ልጅ በሌሊት በምን ይመለሳል? ልጃገረዶቹን ማን ይሸኛቸዋል? ቀን የተጀመረ ኮንሰርት እናቶችም ይመጡበታል። ዋናውን ድምፃዊ የመጨረሻ አታድርጊው፤ ከመጨረሻው በፊት አድርጊው። ሁልጊዜ የሚያዘገየው እሱ ነው፤ እሱ ካለፈ ማብቂያው በእጅሽ ነው። ሰዓቱንም ውሉ ውስጥ አስገቢው፦ 3 ሰዓት ላይ ድምፅ ይጠፋል፣ ማንም መድረክ ላይ ይሁን። ከባድ ከመሰለሽ፣ በሐምሌ 2012 እ.ኤ.አ. ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ስመ ጥር ድምፃውያኑ ብሩስ ስፕሪንግስቲንና ፖል ማካርትኒ አብረው እየዘፈኑ የፈቃዱ ሰዓት አለፈና ማይካቸው ተዘጋ። እነሱ ላይ ከተዘጋ ያንቺው ድምፃዊ አይሞትም።

ይኸው ነው። ገደብ የሚለው ስም ለጌዴኦኛ ተናጋሪው የራሱ ታሪክ ይኖረው ይሆናል፤ እኔ ግን በአማርኛ ጆሮዬ በሰማሁት ቁጥር ልክ፣ ወሰን የሚለው ይመጣብኛል። ስሙን ፖስተሩ ላይ ትልቅ አድርገሽ ጽፈሽዋል። ፕሮግራሙም ይምሰለው።

ቡናው ደረሰ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ በኮንሰርቱ ሌሊት ዋናው ድምፃዊ ሲጀምር መድረኩን ለልጆቹ ተዪና ውጪ። አጥሩን ዙሪና ለሜዳው በጣም የሚቀርበውን ቤት አንኳኪ። የዴሲቤል መለኪያ ስልክሽ ላይ ጭነሻል፣ ጥሩ፣ እሱንም እዪው። ግን እሱን ካየሽ በኋላ ረከቦቱን እዪ። ሲኒዎቹ ከተንጫጩ ደውዪና አስቀንሺ። ዝም ካሉ፣ ቁጭ በዪና የሚቀዳልሽን ጠጪ፤ በጉሮሮሽ ይወርዳል።

አሁን ግን ጫማሽን አድርጊ። ይህን ጠጥተን እንወጣለን። ከመድረኩ ጀርባ ካለው ቤት እንጀምር፤ እኔም አብሬሽ አለሁ፣ አንኳኪዋ ግን አንቺ ነሽ።